የተሰነጣጠቀ የድሮ መኪና መሪ እንዴት ይታደሳል

የድሮ መኪና መሪ የሚሰነጠቀው ስላረጀ ብቻ አይደለም። ውስጡ የብረት ዘንግ ነው፤ ከላይ ጠንካራ ጎማ ወይም ፕላስቲክ ተለብጦበታል። ብረቱና ልባሱ ሙቀት ሲመጣ እኩል አይለጠጡም፣ ብርድ ሲመጣም እኩል አይሰበሰቡም። በዚያ ላይ ፕላስቲኩን ያለሰለሰው ቅመም ከዓመት ዓመት እየተነነ ስለሚያልቅ ልባሱ ይኮማተራል። ብረቱ ግን አብሮት አይኮማተርም። ስለዚህ ልባሱ በደካማው ቦታ ይፈነዳል። ያ ቦታ ብዙውን ጊዜ ክንዶቹ ከክቡ ጋር የሚገናኙበት ነው። ይህን ያላወቀ ሰው ስንጥቁን ከላይ ከላይ በስቱኮ ይደፍንና ቀለም ይቀባዋል። መኪናው አንድ ቀን ፀሐይ ላይ ተዘግቶ ሲውል ስንጥቁ በዚያው መስመር ተመልሶ ይመጣል። ጥገናው የሚጀመረው ከብረቱ ነው።

ልባሱ የቱንም ያህል ቢረግፍ ይሞላል። ክንዱ ከእምብርቱ (ከመሪው መሃል) ጋር የተበየደበት ቦታ ከተሰነጠቀ፣ የውስጡ ብረት ከተጣመመ ወይም ሻፍቱ (መሪው የሚሰካበት ዘንግ) ላይ የሚገቡት ጥርሶች ከተበሉ ግን ጉዳዩ የመልክ ሳይሆን የሕይወት ነው። እንዲህ ያለውን መሪ ግድግዳ ላይ ስቀሉትና ለመንዳት ሌላ ፈልጉ። መጣመሙን ለማወቅ ካወረዳችሁት በኋላ ክቡን ጠፍጣፋ መስታወት ላይ አስተኙት፤ አንዱን ጎን ስትጫኑ ሌላው ከተነሳ ብረቱ ጠሟል ማለት ነው። ኤርባግ ያለውን መሪ ደግሞ በዚህ መንገድ አትንኩት።

መሪውን ማውረድ

የባትሪውን ኔጋቲቭ ገመድ ፍቱ። ብዙ የድሮ መኪኖች ላይ ክላክሱ ኤሌክትሪኩን ቀጥታ ከባትሪ ስለሚያገኝ ቁልፉን ማጥፋት ብቻ አይበቃም። የፊት ጎማዎቹን ቀጥ አድርጉ። የክላክሱ መጫኛ አንዳንዱ ላይ በጥፍር ተይዞ ሲሳብ ይወጣል፣ አንዳንዱ ላይ ተጭኖ ሲዞር ይወጣል፣ ሌላው ላይ ከክንዶቹ ጀርባ በትናንሽ ቪቴዎች ታስሯል። ካቻቢቴ ከመሰንቀራችሁ በፊት ከጀርባ አጎንብሳችሁ እዩ፤ የተሰበሩ መጫኛዎች አብዛኞቹ የተሰበሩት ቪቴ እያላቸው በጉልበት ስለተፈለቀቁ ነው።

ከመጫኛው ሥር ሞላ፣ የመዳብ ወይም የነሐስ መንኪያና ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ ማገጃ ሮንዴላ ታገኛላችሁ። እያንዳንዱን ስታነሱ ፎቶ አንሱ፣ በወጡበት ቅደም ተከተልም ደርድሩ። በተለይ ማገጃው ሮንዴላ ቦታው ከተሳሳተ ባትሪውን መልሳችሁ ባሰራችሁ ቅጽበት ክላክሱ መጮህ ይጀምራል፣ አያቆምም።

ከዚያ የመሃሉ ዳዶ ይመጣል። በልክ ቡሶላ ፍቱት፤ ግን የመሪ መቆለፊያውን እንደ መያዣ አትጠቀሙበት፣ መቆለፊያው ይሰበራል። ክቡን ሌላ ሰው በሁለት እጁ ይያዝላችሁ። ዳዶውን ሙሉ በሙሉ አታውጡት፤ ሦስት አራት ዙር ጥርስ ላይ ተውት። መሪው ድንገት ሲላቀቅ አፍንጫችሁ ላይ እንዳያርፍ የሚያደርገው ይህ ዳዶ ነው። አሁን ሻፍቱና እምብርቱ ላይ በአንድ መስመር ምልክት አድርጉ። በቀጭን ብሩሽ የተሰመረ ነጭ ቀለም ይበቃል፤ በነጥብ መምቻ መምታት ሻፍቱን ሊጎዳ ስለሚችል አይመከርም።

ክቡን ግራና ቀኝ ይዛችሁ እያፈራረቃችሁ ወደ ራሳችሁ ነቅንቁ። እምቢ ካለ የዝገት ማላቀቂያ ዘይት ጨምሩበትና አንድ ሌሊት ተውት። አሁንም ካልወጣ ፑለር ያስፈልጋል፦ ሁለት ብሎኖች እምብርቱ ላይ ባሉት ቀዳዳዎች ይገባሉ፣ የመሃሉ ቪቴ ሻፍቱን እየገፋ መሪውን ያወጣል። የጀነራል ሞተርስ መኪኖች ላይ ቀዳዳዎቹ አብዛኛውን ጊዜ የ5/16 ኢንች ጥርስ አላቸው፤ ሌሎቹን በእጅ እየሞከራችሁ ለዩ። ብሎኖቹ ከእምብርቱ ውፍረት በላይ ጠልቀው ከገቡ ከሥር ያለውን የፍሬቻ መመለሻ ይሰብራሉ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

መዶሻ አይነካም። ከ1960ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ወዲህ የተሠሩ ብዙ መኪኖች፣ የጀነራል ሞተርስን የ1967 ሞዴሎች ጨምሮ፣ ግጭት ሲደርስ ወደ ውስጥ የሚሰበሰብ የመሪ ሻፍት አላቸው። ያን ሻፍት በቦታው የሚይዙት በፕላስቲክ የተሠሩ ትናንሽ ማሰሪያዎች ናቸው። ሻፍቱን ጫፉ ላይ በመዶሻ ስትመቱት እነሱ ይቆረጣሉ፤ ከዚያ በኋላ መሪው ሲነቃነቅ ትሰማላችሁ፣ ጥገናውም ከመሪው ዋጋ ይበልጣል።

ልባሱ ከምን ተሠራ?

ቀለም የሚይዘውም ቲነር የሚያቀልጠውም በዚህ ስለሚወሰን ችላ አትበሉት። ከክቡ ጀርባ አንድ ቦታ በአውራ ጣት እስኪሞቅ ድረስ በኃይል አሹትና አሽትቱ። የድኝ ሽታ ካለው ጠንካራ ጎማ ነው፤ ይህ ዓይነቱ ብርሃን ሲበላው ጥቁረቱን ትቶ አረንጓዴ ወዳለው ቡናማ ይለወጣል። ኮምጣጤ ከሸተተ ሴሉሎስ አሲቴት የተባለ የድሮ ፕላስቲክ ነው፣ መበስበስም ጀምሯል። ካምፎር (ካፉር) ከሸተተ ሴሉሎይድ የተባለው ሌላ የድሮ ፕላስቲክ ነው። ሴሉሎይድ በቀላሉ እሳት ይይዛል፤ በጋለ መርፌ ወጋ አድርጋችሁ ፈትኑ የሚለውን ምክር ለዚህ ሲባል ብቻ መርሳት ይሻላል። ሴሉሎይድን በፈጣን ማሽን አትሞርዱ፤ በውኃ እያራሳችሁ በእጅ ሥሩት።

ቀጥሎ በጥጥ ትንሽ አሴቶን ነክራችሁ በማይታይ ቦታ አስነኩ። ላዩ ከተጣበቀ ወይም ከቀለጠ ፕላስቲክ ነው፤ ከዚህ በኋላ አሴቶንም ኃይለኛ ቲነርም አይቀርበውም። ምንም ካልሆነ ጠንካራ ጎማ ወይም ባኬላይት (የማይቀልጥ የድሮ ፕላስቲክ) ሳይሆን አይቀርም። የድሮ ባኬላይት አንዳንዱ አስቤስቶስ ስለሚኖርበት በደረቁ አይፈተግም።

እጥበቱ ቀላል ይመስላል፤ ግን ቀለም ተነስቶ የሚላጠው አብዛኛውን ጊዜ እዚህ በተሠራ ስህተት ነው። ለብ ባለ ውኃና በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና፣ በጥርስ ብሩሽ፣ ሁለት ጊዜ እጠቡ። የዓመታት የእጅ ወዝ ቡናማ ሆኖ ሲወርድ ታያላችሁ። ከደረቀ በኋላ ለቀለም ሥራ በተዘጋጀ የቅባት ማስወገጃ አብሱት፣ በአንድ ጨርቅ ቀብታችሁ ሳይደርቅ በሌላ ንጹሕ ጨርቅ አንሱ። ዳሽቦርድ ማብረቂያ ፈሳሾች ሲሊኮን አላቸው፤ ሲሊኮን የነካው ላይ ቀለም እንደ ዓሣ ዓይን ክብ ክብ ቀዳዳ እየተወ ይሸሻል። መጀመሪያ ከፈተጋችሁ ሲሊኮኑን ወደ ውስጥ ትቀብሩታላችሁ። ስለዚህ ማጠብ ይቀድማል፣ መፈተግ ይከተላል።

ስንጥቁን መክፈት

ጸጉር የምታህል ስንጥቅ ካለች ማስፋት አለባችሁ። ይህ ጀማሪን ያስደነግጣል፤ ነገር ግን ስንጥቁ የሚሞላበት የኢፖክሲ ሊጥ (ሁለት ክፍሉ ሲደባለቅ የሚጠነክር ማጣበቂያ) የሚይዘው ግድግዳ ካላገኘ ተንሸራቶ ይወጣል። በሦስት ማዕዘን ሞረድ፣ በብረት መጋዝ ስለት ወይም በትንሽ መፈተጊያ ማሽን ስንጥቁን ተከትላችሁ ከላይ ሰፊ ከታች ጠባብ አድርጋችሁ ክፈቱት። ከላይ ከ4 እስከ 6 ሚሊሜትር ይስፋ፣ ከታች ብረቱ ይታይ። ከሁለቱ ግድግዳዎች ሥር ትንሽ ወደ ውስጥ ገባ አድርጋችሁ ብትቦረቡሩ ሊጡ እንደ ጥርስ ነክሶ ይይዛል።

ክንዱ ሥር ያለውን ስንጥቅ ስትከፍቱ ምን እንደምታዩ አስቀድማችሁ እወቁ። ልባሱ ውስጥ ድረስ ጥቁር ነው፤ ከዚያ ቡናማ መስመር፣ ከዚያ ብረቱ ይመጣል። ቡናማው ዝገት ነው። በስንጥቁ የገባ ላብ ብረቱን እየበላ፣ ዝገቱ ደግሞ እያበጠ ልባሱን ከውስጥ ሲገፋው ኖሯል። ልባሱን በጥፍር ጫፍ መታ መታ አድርጉ፤ ከብረቱ የተላቀቀበት ቦታ ባዶ ድምፅ ይሰጣል። ባዶ የሚያስተጋባውን ሁሉ፣ ምንም ስንጥቅ ባይኖረው፣ ቆርጣችሁ አውጡ። በትንሽ የሽቦ ብሩሽ ዝገቱን አንሱ፣ ፎስፎሪክ አሲድ ባለው የዝገት መለወጫ አስነኩ፣ ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን ሰዓት ጠብቁ፣ አጥባችሁ በደንብ አድርቁ። እርጥበት ከቀረ ኢፖክሲው ብረቱን አይዝም።

ከዚያ ክፍተቱ ዙሪያ አንድ አንድ ሴንቲሜትር ያህል በ80 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት አሻክሩ። ትልቅ ቁራሽ የረገፈበት ቦታ ካለ የቀረው ልባስ ጫፍ ላይ 2 ሚሊሜትር ስፋት ያላቸው ጥቂት ቀዳዳዎች ብሱ፣ ባዶውን ብረትም በቀጭን ሽቦ ጥቂት ጊዜ ጠምጥሙት። ሊጡ የሚይዘው አጥንት ይሆነዋል።

መሙላት

የመኪና አካል ስቱኮ ለዚህ አይሆንም። ፖሊስተር ስለሆነ ይሰባበራል፣ ጠንካራ ጎማ ላይም በደንብ አይጣበቅም። የሚያስፈልገው ሁለት ክፍል ያለው ኢፖክሲ ነው። ሊጥ መሰሉ ፒሲ-7 በዚህ ሥራ ስሙ የቆየ ነው፤ እኩል በእኩል ይደባለቃል፣ ሳይፈስ በቦታው ይቆማል፣ በአንድ ቀን ገደማ ይጠነክራል። ጄቢ ዌልድ የተባለው ኢፖክሲ ትንሽ ስለሚፈስ ለጠባብና ጥልቅ ቀዳዳ ይስማማል። በአምስት ደቂቃ የሚደርቁት ግን ጊዜ ስለማይሰጡ አይመረጡም። ስድስት ሰባት ስንጥቅ ላለው መሪ ከ100 እስከ 150 ግራም ይበቃል።

የጎማ ጓንት አድርጉ፤ ኢፖክሲ ደጋግሞ ቆዳ ከነካ አለርጂ ያስይዛል፣ ያ አለርጂ ደግሞ አይለቅም። ሁለቱን ክፍሎች በጠፍጣፋ ነገር ላይ አንድ ወጥ ቀለም እስኪሆኑ ድረስ አሹ፤ ዥንጉርጉር ከቀረ ያ ቦታ ለዘላለም ለስላሳ ይሆናል። ከዚያ በቀጭን እንጨት እየጠቀጠቃችሁ መጀመሪያ ብረቱን አስነኩ፣ ቀጥሎ ግድግዳዎቹን፣ በመጨረሻ መሃሉን ሙሉ። አንድ ጊዜ ከላይ ብትጭኑበት ከሥር አየር ይታፈናል፤ ስትፈትጉ ቀዳዳው ብቅ ይላል። ከክቡ 1 ወይም 2 ሚሊሜትር ከፍ ይበል። ጓንታችሁን በውኃ አርሳችሁ ላዩን አለስልሱ፤ አሁን ያለሰለሳችሁት ነገ የሞረድ ድካም ይቀንሳል። ክፍተቱ ከአንድ ሴንቲሜትር የሚጠልቅ ከሆነ በሁለት ጊዜ ሙሉ።

24 ሰዓት ሳይሞላ አትንኩት፤ ክፍሉ ቀዝቃዛ ከሆነ 48። ጥፍራችሁ ምልክት ከተወበት አልደረሰም።

ቅርጽ ማውጣት

ትርፉን በግማሽ ክብ ሞረድ አንሱ። ሞረዱ የድሮውን ልባስ ሊነካ ሲል አቁሙና ወደ ብርጭቆ ወረቀት እለፉ። ከዚህ በኋላ በጣት እየተጫኑ መፈተግ ክቡን ጎድጓዳ ያደርገዋል፣ ምክንያቱም ኢፖክሲው በዙሪያው ካለው ልባስ ይልቅ ጠንካራ ነው፤ ጣት ደግሞ ለስላሳውን ያጎደጉዳል። ጀርባው ጨርቅ የሆነ ብርጭቆ ወረቀት በ3 ሴንቲሜትር ስፋት ቆርጣችሁ፣ ሁለቱን ጫፍ ይዛችሁ፣ ሊስትሮ ጫማ እንደሚወለውል ክቡ ላይ ወዲያ ወዲህ ጎትቱት። ወረቀቱ ራሱ ክቡን ተከትሎ ቅርጹን ያወጣል። መሪውን ሞርሳ ላይ በእምብርቱ በኩል እንጨት አልብሳችሁ እሰሩት፤ ሁለቱም እጃችሁ ነጻ ይሁን። በ80 ጀምሩ፣ 120፣ 180፣ ከዚያ 320። ኢፖክሲም ጎማም ሲፈተጉ የሚወጣው አቧራ ለሳንባ መርዝ ነው፤ በውኃ ፈትጉ ወይም የአቧራ ማስክ አድርጉ።

ከክቡ ጀርባ የጣት ማረፊያ ጉድጓዶች ካሉ በሥራው ሁሉ አስቸጋሪው ክፍል እሱ ነው። ያልተጎዳ አንድ ጉድጓድ ፈልጋችሁ ልኩ የሆነ የእንጨት ዱላ አግኙ፣ ብርጭቆ ወረቀት ጠቅልሉበት፣ በሱ ብቻ ሥሩ። ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ክቡን በእጃችሁ እየዞራችሁ ዳስሱት። ዓይን የማያየውን ግማሽ ሚሊሜትር ጣት ያገኘዋል።

አሁን አብዛኛው ሰው የሚዘለው ነገር አለ። ቀለም ከመንካታችሁ በፊት መሪውን ሁለት ሦስት ቀን ፀሐይ በሚመታው የተዘጋ መኪና ውስጥ ተዉት፤ ቀን ይጋል፣ ሌሊት ይቀዝቅዝ። ሴሉሎይድ ከሆነ ብቻ ይህን አታድርጉ። የሚከፈት ስንጥቅ ካለ አሁን ይከፈት። ከቀለም በኋላ ቢከፈት ሁሉንም እንደገና ነው።

ፕራይመርና ቀለም

ኒኬል የተቀቡትን ክንዶችና ቀለበቶች በወረቀት ፕላስተር ሸፍኑ። ኒኬሉ ላይ የዝገት ነጠብጣብ ብቻ ካለ በውኃ የራሰ የአልሙኒየም ፎይል ጠቅልላችሁ ቀስ ብላችሁ ብታሹት ይለቃል። እንደ ፈንጣጣ የተቦረቦረ ከሆነ ግን ሥሩ የዚንክ ቅይጥ ነው፣ በማሸት አይድንም፤ ወደ ኒኬል ቀቢ ይሂድ ወይም እንዳለ ይቀመጥ።

ክቡን ሁለት እጅ ኢፖክሲ ፕራይመር (ከቀለም ሥር የሚቀባ መነሻ) ቀቡ። ላዩ ላይ ጭረት የሚሞላ ወፍራም ፕራይመር ሁለት ወይም ሦስት እጅ፣ በመካከሉ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ እየቆያችሁ። በማግሥቱ ከሩቅ ሌላ ቀለም ጭጋግ ያህል እፍ አድርጉበትና በ400 ፈትጉ፤ ጭጋጉ ያልጠፋበት ቦታ ጎድጓዳ ነው። እሱን ሙሉና በ600 በውኃ ጨርሱ። ፕራይመሩ ተበልቶ ልባሱ ከታየ እዚያ ላይ ድጋሚ ፕራይመር ይቀባል።

ለላዩ ቀለም ማጠንከሪያ የሚጨመርበት ፖሊዩሬታን ይሻላል። ማጠንከሪያ የሌለው ተራ የቆርቆሮ ስፕሬይ የእጅ ወዝና የፀሐይ ቅባት ሲነካው ይለሰልስና ይጣበቃል፤ መሪ ደግሞ ከመኪናው ሁሉ በእጅ የሚነካ ዕቃ ነው። ማጠንከሪያው ግን አይሶሳይኔት የተባለ ሳንባ የሚጎዳ ኬሚካል አለበት። የአቧራ ማስክ አያግደውም፤ ከውጭ ንጹሕ አየር የሚያመጣ ጭንብል የሌለው ሰው ይህን ሥራ ለቀለም ቤት ይስጥ። ክንዶቹ ከክቡ የሚገናኙበት ጥግ ላይ ብዙ ቀለም እንዳይንጠባጠብ መጀመሪያ የክቡን የውስጥ ጎን፣ ቀጥሎ ጀርባውን፣ መጨረሻ ፊቱን ርጩ። ከ20 እስከ 25 ሴንቲሜትር ራቁ። የመጀመሪያው እጅ ስስ ይሁን፤ ሁለቱ ተከታዮች ሙሉ። እንደ መስታወት የሚያበራ አትምረጡ፣ ፀሐይ ላይ ዓይን ይወጋል። አንድ ቀን ሳይሞላ አትያዙት፣ ሳምንት ሳይሞላ አትንዱበት።

እንጨትና ቆዳ

እንደ ናርዲና ሞቶ-ሊታ ያሉት የእንጨት መሪዎች ሌላ ዓለም ናቸው። የድሮውን ቫርኒሽ በቅባት መሰል የቀለም ማንሻ አንሱ፤ በ120 መፈተግ እንጨቱን ቀንሶ የብረት ሪቬቶቹን ከላዩ ያስወጣቸዋል። ጥቁር የውኃ ነጠብጣብ በኦክሳሊክ አሲድ ይነጣል፤ መርዝ ስለሆነ በጓንት፣ ከዚያ በብዙ ውኃ። የተላቀቀ መጋጠሚያ ውስጥ ስስ ኢፖክሲ አስገብታችሁ በጎማ ሪባን አጥብቃችሁ ጠቅልሉ። ለላዩ የጀልባ ቫርኒሽ፦ የመጀመሪያው እጅ በቲነር በግማሽ የቀጠነ፣ ከዚያ ስድስት እጅ ሙሉ፣ በየመሃሉ በ320 እያለሰለሳችሁ።

ቆዳ ለማልበስ ከ1 እስከ 1.2 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ለስላሳ ቆዳ ያስፈልጋል። ልኩ ሂሳብ ነው። የውጭ ስፋቱ 400 ሚሊሜትር፣ የመያዣው ውፍረት 25 ሚሊሜትር ከሆነ፣ የክቡ መሃል ዙሪያ 375 ሲባዛ በ3.14፣ ወደ 1178 ሚሊሜትር ነው። የመያዣው ዙሪያ 78.5 ይሆናል። ቆዳውን በወርድ ከዚህ 4 ሚሊሜትር አሳጥሩት፣ ሲሰፋ ተስቦ ይገጥማል። እኩል ከቆረጣችሁ ዓመት ሳይሞላ እጃችሁ ላይ ይዞራል። ስፌቱ በሰም በተለበጠ የፖሊስተር ክር፣ በሁለት መርፌ፣ ከክቡ የውስጥ ጎን።

መልሶ መግጠም

የሻፍቱን ጥርስ አጽዱ፤ ሾጣጣው ክፍል ደረቅ ይሁን፣ ግራሶ አይነካውም። የፍሬቻ መመለሻው ጉጥ ከእምብርቱ ቀዳዳ ጋር መገጠሙን አይታችሁ ምልክት በምልክት አስገቡ። ዳዶው ራሱን የሚቆልፍ ዓይነት ከሆነ አዲስ ይሁን፤ የሞላ ሮንዴላ ካለውም እንዲሁ። በቶርክ ቁልፍ የመኪናው ማንዋል ባለው ልክ እሰሩ፤ በብዙዎቹ ከ40 እስከ 50 ኒውተን ሜትር አካባቢ ነው፣ ግን ከማንዋሉ ሳታዩ አትሰሩ። የክላክሱ መንኪያ ላይ ስስ ግራሶ ቀብታችሁ ማገጃውን፣ ሞላውን፣ መጫኛውን በፎቶው ቅደም ተከተል መልሱ። ባትሪውን እሰሩ፣ ክላክሱን ሦስት ቦታ ይዛችሁ ጫኑ፣ መሪውን ከጫፍ እስከ ጫፍ አዙሩና ፍሬቻው በሁለቱም ወገን ራሱ መመለሱን እዩ። አንዱ ወገን ካልተመለሰ መሪው ከምልክቱ አንድ ጥርስ ስቶ ሊሆን ይችላል፤ አውርዳችሁ እንደገና።